የማይፈለጉት ውሾች ጉዳይ፦ ለጅማ ከተማ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማ አስተዳደር
የእንስሳት ጤና፣ የኅብረተሰብ ጤናና የከተማ ጽዳት ሥራ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች
ጅማ

ጉዳዩ፦ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ሰብስቦ ስለማቆየትና ስለመግደል

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በእንስሳት ጤና ረዳትነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልሁ፣ አሁን ሄርማታ አካባቢ የምኖር የከተማችሁ ነዋሪ ነኝ። በሰኔ ወር በሰፈራችን አንድ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አጀንዳው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በውሻ ተነክሶ ስለነበር ቦዩ ተረስቶ ንግግሩ ሁሉ ስለ ውሾች ሆነ። በመጨረሻ አንድ የተከበሩ አባት ተነሥተው «መጠለያ ይሠራ፤ ባለቤት ያለው ውሻውን ይውሰድ፤ ከቀሩት የሚፈለጉት ይመረጡ፤ የማይፈለጉት ይወገዱ፤ ይህንንም ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ እናቅርብ» አሉ፤ ተሰብሳቢውም አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ አላጨበጨብሁም፣ ግን እጄንም አላወጣሁም። ዝም ያልሁት የምናገረው አጥቼ አይደለም፤ የምናገረው ነገር ከራሴ ጥፋት የሚጀምር ስለሆነ ነው። ያ ሐሳብ ወደ ጠረጴዛችሁ ሳይደርስ፣ ደርሶም ከሆነ ሳይወሰን፣ በዚያን ቀን የዋጥሁትን እነሆ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ግን የእኒያን አባት ሥጋት አቃልዬ የማየው እንዳይመስላችሁ እለምናለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሟቾቹም እጅግ የሚበዙት በእስያና በእኛይቱ አፍሪካ ነው። በበሽታው ከሚያዘው ከመቶው ሰው ለዘጠና ዘጠኙ በሽታው የሚመጣበት ከውሻ ነው፤ በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች መካከልም ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በእኔ ወጣትነት የተነከሰ ሰው ለቀናት በተከታታይ ሆዱ ላይ እየተወጋ ሲያለቅስ ይዤ አውቃለሁ። ስለዚህ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ ልቡ የሚፈራ ወላጅ ትክክል ነው፤ ከእርሱ ጋር ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ከንክሻው በኋላ በተደረገው ነገር ይጀምራል። የጎረቤቴን ልጅ ለማየት ስሄድ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ተነስንሶበት አገኘሁት። ቡናውን አስነሥቼ በውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል አሳጠብሁት፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ተወሰደ። «ውሻውስ?» ብዬ ብጠይቅ፣ ወጣቶቹ በዱላ ጨፍጭፈው አዌቱ ወንዝ ውስጥ እንደጣሉት በኩራት ነገሩኝ። ይህ ለጊዜው አንጀት የሚያርስ ሊመስል ይችላል፤ ለልጁ ግን የጠቀመው ነገር የለም። የነከሰ ውሻ ታስሮ ለአሥር ቀን ቢጠበቅና ጤነኛ ሆኖ ቢቆይ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን እንዳላስተላለፈ ይታወቃል። ታሞ ቢሞት ወይም በሐኪም ቢገደል ደግሞ በሽታው የሚረጋገጠው አንጎሉ ተመርምሮ ነው። ጭንቅላቱ የተፈረከሰና ወንዝ የወሰደው ውሻ ለሁለቱም አይሆንም። ያ ውሻ አብዶ ይሁን ወይም ልጆች በድንጋይ አናድደውት ይሁን እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም፤ የልጁ እናትም ወራት ሙሉ የልጇን ዓይን እያየች ከመኖር በቀር ምርጫ አልነበራትም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ሥራ እንደጀመርሁ፣ ከዚህ ርቃ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ተመድቤ ነበር፤ ስሟን መጥራት አያስፈልግም። አንድ ቀን «ባለቤት የሌላቸው ውሾች እንዲወገዱ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ አንድ ሳፋ ሥጋና ስትሪክኒን የተባለው መርዝ ተሰጠኝ። ከሰዓት እላፊ በኋላ መንደር ለመንደር እየዞርን ሥጋውን በተንን። ንጋት ላይ ሬሳ ለመሰብሰብ ጋሪ ይዘን ስንወጣ ያልሞተ አንድ ቡላ ውሻ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር አገኘን። አንገቱ ላይ ሲባጎ ታስሮበታል። የጋሪው ጎማ ሲያንሲጠጥ ሰውነቱ በሙሉ እንደ ደጋን ይወጠርና እግሮቹ ይገተራሉ፤ ድምፁ ሲቆም ትንሽ ይላላል፤ አንደኛው ሠራተኛ ሲያስለው ደግሞ እንደገና ይወጠራል። ስትሪክኒን ጡንቻን እንጂ አእምሮን አይነካም፤ እንስሳው እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ድረስ እያወቀ፣ ደረቱ መተንፈስ ሲያቅተው ታፍኖ ነው የሚሞተው። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር። ያ ውሻ በዓይኑ እየተከተለኝ ሲያየኝ ግን የተማርሁት ነገር መሆኑ አልታወሰኝም፤ ጋሪው እንዲቆም ብቻ ነው ያዘዝሁት፣ ድምፅ እንዳያሰማ።

ከቀትር በኋላ አንዲት አሮጊት ገመድ በእጃቸው ይዘው ቢሮዬ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ቡላ ውሻ አላየህልኝም? ሲባጎውን በጥሶ ወጥቶ ነው» አሉኝ። «አላየሁም፣ እማማ» አልኋቸው። በሪፖርቱ ላይ «47 ውሾች ተወግደዋል» ብዬ ጻፍሁ፤ ፊርማዬን ግን አላኖርሁበትም፤ የሪፖርቱ ቅጽ ፊርማ አይጠይቅም ነበር። ቀጣዩ ክረምት ሳይወጣ መንገዱ እንደ ቀድሞው በውሻ ተሞላ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ደብዳቤ፣ ያው ማኅተም መጣ።

እስኪ «ማስወገድ» የሚለውን ቃል እንመልከተው። ቆሻሻ ይወገዳል፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ይወገዳል፣ ያረጀ ወንበር በጨረታ ይወገዳል። ይህን ቃል ሕይወት ላለው ነገር ስናውለው፣ የምንናገረው ስለ ውሻው ሳይሆን ስለ ራሳችን ምቾት ነው። «ተወገዱ» ሲባል ማን እንዳስወገደ አይጠየቅም፤ «አይፈለጉም» ሲባልም ማን እንዳልፈለገ አይታወቅም። አባቶቻችን ገዳዩ ያልተጠየቀበትን፣ ካሳም ያልተከፈለበትን ደም «ደመ ከልብ» ይሉታል፤ የውሻ ደም ማለት ነው። ቃሉ የተፈጠረው ለሰው ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ የተቀመጠው ሐሳብ «የውሻ ደም ጠያቂ የለውም» የሚለው ነው። የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ የመንግሥት አካል ውሻ የሚገድል ከሆነ ጠያቂና ተጠያቂ ይኑረው፤ የሚገደልበትም ምክንያት በውሻው ላይ የሚታይ ይሁን እንጂ በእኛ አለመፈለግ ላይ የቆመ አይሁን።

ይህን ስል መግደል በማናቸውም ሁኔታ ኃጢአት ነው ከሚሉት ወገን ነኝ ማለቴ አይደለም። በሥራ ዘመኔ በገዛ እጄ ብዙ እንስሳ ገድያለሁ፤ ከእነዚያም አብዛኞቹ እንቅልፍ አይነሡኝም። በሽታው የያዘው ውሻ ምራቁን እያዝረበረበ፣ መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ ውሃ መዋጥ አቅቶት ሲንገዳገድ ቀኑን አስረዝሞ ማቆየት ለማንም ደግ ነገር አይደለም። ወገቡን መኪና ሰብሮት ሊድን የማይችል ውሻም እንዲሁ። በተደጋጋሚ ሰው ነክሶ፣ ተይዞም ተፈትሾም ጠባዩ የማይታረም ከሆነ፣ በልቤ እያዘንሁ ቢሆንም፣ እስማማለሁ። በእነዚህ ሦስቱም ምክንያቱ ያለው እንስሳው ዘንድ ነው፤ ሐኪም ሊያየው፣ ሊጽፈው፣ ሌላ ሐኪም ሊመረምረው ይችላል።

እንዲያውም የእኛ ከተማ ነውር አንዳንድ ጊዜ የሚታየው በመግደል ሳይሆን ባለመግደል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቦዬ በኩል ስመለስ፣ ጉልበቱ ያለቀ የጋሪ ፈረስ ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ አየሁ። የቀኝ የፊት እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰብሮ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ትከሻው ላይ የጋሪው እንጨት የላጠው ቁስል ዝንብ ለብሷል። ባለቤቱ ዕቃውን ፈትቶ፣ ልጓሙን ሳይቀር አውልቆ፣ ትቶት ሄዷል። በባጃጅ የሚያልፈው ሁሉ «አቤት፣ ሲያሳዝን!» እያለ ያልፋል። ማንም አልገደለውም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ግን ሲመሽ ጅብ ከቁሙ እንደሚጀምረው ነው። «ነፍስ ላለማጥፋት» ብለን የምናደርገው ይህ ከሆነ፣ ንጽሕናችን የተገዛው በፈረሱ ሌሊት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ መድኃኒት አልነበረም፤ ሰው ልኬ ባልደረባ አስመጣሁና ከመጨለሙ በፊት አሳረፍነው። ያን ቀን ያደረግሁት መግደል ነው፤ ከ47ቱ ውሾች ጋር ግን በአንድ ቃል ሊጠራ አይገባውም።

እንግዲህ ወደ «የማይፈለጉት» ልመለስ፤ የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ እነርሱ ናቸውና። ባለፈው ጥር ማለዳ ለጸሎት የሚሄዱ ሰዎች አዌቱ ድልድይ አጠገብ አፉ የተቋጠረ የማዳበሪያ ጆንያ ሲንቀሳቀስ አይተው ጠሩኝ። ስንፈታው ዓይናቸውን በቅጡ ያልገለጡ አራት ቡችሎች ወጡ፤ አራቱም ሴቶች። ወንድሞቻቸው ቤት ቀርተዋል፤ ለዘበኝነት ይፈለጋሉና። ይህ በከተማችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሴት ቡችላ ዕጣ ወይ ጆንያ ወይ ገበያ መሀል መጣል ነው። የተጣለችው ብትተርፍ፣ ዓመት ሳይሞላት ቄራው አካባቢ ወይም ከልኳንዳ ቤቶች ጓሮ ትወልዳለች፤ ያንጊዜ «ባለቤት የሌላት ውሻ» ትባላለች። ባለቤትማ ነበራት። ጆንያውን የቋጠረው ሰው ምናልባት በሰኔው ስብሰባ ላይ አጨብጭቧል።

አሁን መጠለያ ተሠራ እንበል፤ ሃምሳ ውሻ የሚይዝ፣ ለከተማችን አቅም ትልቅ የሚባል። አንዲት ሴት ውሻ 63 ቀን ገደማ አርግዛ አምስት ስድስት ቡችላ ትወልዳለች፤ በዓመትም ሁለቴ ልትወልድ ትችላለች። አሥር ውሾች በአንድ ዙር የወለዱት ብቻ ይሞላዋል። ሃምሳ አንደኛዋ ውሻ በር ላይ ስትደርስ ምን ይደረጋል? ቦታ የሚገኘው ከሃምሳዎቹ አንዱ ሲሞት ነው። የትኛው? ሰው መጥቶ የሚመርጠው ነጩን፣ ወንዱን፣ ትንሹን ነው፤ የምትቀረው ጥቁሯ፣ ያረጀችው፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠው ናት። ያኔ የሚገድላት በሽታዋ ወይም ጠባዪዋ ሳይሆን የክፍል ቁጥር ነው። ከምንጩ ያልተዘጋ መጠለያ ለሞት ሰልፍ ማስያዣ ከመሆን አያልፍም፤ ቡላው ውሻ በጎዳና ላይ የጠበቀውን በጣሪያ ሥር ማስጠበቅ ነው።

ይህ የእኔ ሟርት አይደለም፤ ከእኛ ቀድመው በዚህ መንገድ የሄዱ ከተሞች ያዩት ነው። በኒው ዮርክ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በብረት ቀፎ ታጉረው ወንዝ ውስጥ ይሰጥሙ ነበር። እንስሳትን ከጭካኔ ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1866 የተቋቋመው የዚያው ከተማ ማኅበር ይህን ማየት ስላልቻለ ሥራውን በ1894 ተረከበ፤ ከዚያም መቶ ዓመት ሙሉ ጠባቂው ራሱ ገዳይ ሆኖ ኖረ። ይኸው ማኅበር እንደገመተው በአሜሪካ መጠለያዎች የሚገደሉት ውሾችና ድመቶች እ.ኤ.አ. በ2011 በዓመት 2.6 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ 920,000 ወርደዋል። ያወረደው ይበልጥ መግደል አይደለም፤ ከመወለዳቸው በፊት ማምከንና ለተወለዱት ቤት መፈለግ ነው። በአንጻሩ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ ጤነኛ ውሻን በመጠለያ መግደል ከለከለች። ሕጉን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ ውሾቹ ዕድሜ ልካቸውን በአጥር ውስጥ ታጉረው ቀሩ። አለመግደልም ብቻውን ምሕረት አይሆንም፤ የጋሪው ፈረስ ይህን አስተምሮኛል።

ከዓይን ማራቅ የሚለው መፍትሔም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1910 የኢስታንቡል ባለሥልጣናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የከተማዋን ውሾች ይዘው ውሃ በሌለበት ደሴት ላይ ጣሏቸው፤ በረሃብና በጥም እርስ በርስ ተበላሉ፤ ጩኸታቸው ባሕር ተሻግሮ ይሰማ ነበር ይባላል። መቶ አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024፣ የቱርክ ምክር ቤት የጎዳና ውሾች ተሰብስበው በመጠለያ እንዲገቡ የሚያዝ ሕግ አወጣ፤ የውሾቹ ቁጥር በዚያን ጊዜ አራት ሚሊዮን ይገመት ነበር። ደሴቱ እንግዲህ ምንም አልፈታም።

መርዙስ በሽታውን ያጠፋል? በኢንዶኔዥያ ባሊ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገባ የመጀመሪያው እርምጃ ውሾችን፣ በስትሪክኒንም ጭምር፣ በብዛት መግደል ነበር። በሽታው ግን ደሴቱን አዳረሰ፤ ሞቱ የቀነሰው ከ2010 ጀምሮ በየመንደሩ ክትባት ሲሰጥ ነው። ሜክሲኮም በውሻ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ ያስወገደች የመጀመሪያዪቱ አገር ተብላ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት የተመሰከረላት ውሾቿን ለዓመታት ሳታቋርጥ በመከተቧ ነው። (እነሆ «ማስወገድ» የሚለው ቃል በትክክለኛ ቦታው ይህ ነው፤ የሚወገደው በሽታው ነው።) የሚፈለገው ከመቶው ውሻ ሰባውን መከተብ ነው፤ ያን ያህል ከተከተበ በሽታው የሚሸጋገርበት አጥቶ ይከስማል። መርዝ ግን የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም። የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ቆሻሻው እስካለ ድረስ ከገጠር ወይም ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ውሻ ይመጣበታል። እኔ ያን ዓመት 47 ውሾች ስገድል፣ ከእነርሱ መካከል ከአንድ ወር በፊት በገዛ እጄ የከተብኋቸው ነበሩ።

መርዙ ውሻውን ገድሎም አያቆምም። ሬሳውን የሚበላ ጥንብ አንሳ አብሮ ይሄዳል። በቄራው ጣሪያ ላይ ተደርድረው የምናያቸው፣ ልጆች አስቀያሚ እያሉ የሚሥቁባቸው ባለ ኮፍያ ጥንብ አንሳዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ አዕዋፍ ተመድበዋል። በሕንድ ለከብት ይሰጥ በነበረ የሕመም ማስታገሻ ምክንያት ጥንብ አንሳዎች ሲያልቁ፣ የተረፈውን በድን የወረሱት ውሾች ናቸው፤ ውሾቹ በዙ፣ ንክሻውም በዛ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም ስትሪክኒንን ለውሻ መግደያነት ተቀባይነት ከሌላቸው ነገሮች መካከል አስቀምጦታል፤ አገራችን የዚህ ድርጅት አባል ናት።

ስለ ገዳዩ ሰውም አንድ ነገር ልበል፤ በስብሰባዎች ላይ ማንም አያነሣውምና። መጠለያ ተሠርቶ መግደል ቢፈቀድ፣ መርፌውን የሚይዘው እጅ የማን ነው? የሚያጨበጭበው ሰው አይደለም። ወይ አዲስ የተመረቀ ሐኪም ነው፣ ወይ በቀን ሒሳብ የተቀጠረ ጎልማሳ ነው። ጠዋት ቡችላውን ያበላና አንገቱን ያሸ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ቦታ ጠበበ ተብሎ ያንኑ ቡችላ እንዲይዝ ይታዘዛል። በሽተኛ ሲገደል ሠራተኛው ለራሱ «አሳረፍሁት» ይላል፤ ጤነኛ ሲገደል ግን ምን እንዲል ትፈልጋላችሁ? ከእኔ ጋር ሥጋ ከበተኑት ከሁለቱ ሠራተኞች አንደኛው ከዚያ በኋላ ውሻ በሚጮኽበት ሰፈር ማደር አቃተው፤ ሌላኛው ደግሞ ምንም አልመሰለውም። የትኛው ይበልጥ እንዳሳሰበኝ ዛሬም አልወሰንሁም።

በከተማችን የሚኖር ሙስሊም በሐዲስ፣ ውሃ ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ቀድቶ ስላጠጣና በዚያም ምሕረት ስላገኘ ሰው ሰምቷል፤ ክርስቲያኑም ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ በመጽሐፈ ምሳሌ ተምሯል። ውሻ ቤት ውስጥ አይግባ የሚለው ሥርዓት ውሻ ይሰቃይ ማለት እንዳልሆነ ጅሬን ላይ ያደጉ ሽማግሌዎች ከእኔ ይበልጥ ሊያስረዷችሁ ይችላሉ። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ከውጭ የመጣ ቅንጦት አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ እላለሁ።

የምጠይቃችሁም ከአቅም በላይ አይደለም። በመጀመሪያ መርዝ በጎዳና ላይ እንደማይበተን በጽሑፍ ይታወቅልን። ከዚያ ለመጠለያ የታሰበው ገንዘብ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን በቅድሚያ ለክትባት ይዋል፤ በየዓመቱ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሰፈር ለሰፈር፣ በነጻ፤ የተከተበውም ውሻ አንገቱ ላይ ቀለሙ በየዓመቱ የሚለወጥ ጨርቅ ይታሰርለት፤ እማማ ቡላ ውሻቸውን ሲፈልጉ የምናውቀው በዚያ ነው። ከተማችን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ መኖሪያ ናት፤ ብዙ ከተሞች የሌላቸውን ይህን ሀብት እየረገጥነው እናልፋለን። ተማሪዎቹ ቀዶ ሕክምና መለማመድ ያስፈልጋቸዋል፤ እኛ ደግሞ ሴት ውሾች እንዲመክኑ ያስፈልገናል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በመምህራን እየተመሩ፣ ከተማው ውሾቹን አጓጉዞ እያቀረበ ቢሠሩ፣ ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ የጆንያው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል። የቄራና የልኳንዳ ተረፈ ሥጋ ክዳን ባለው ገንዳ እንዲገባ ማድረግ ደግሞ ከመርዙ በላይ ውሻ ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ባለቤቶችንም አትርሱ። ቀን ቀን ጎዳና ላይ ከምናያቸው ውሾች ብዙዎቹ ማታ የሚገቡበት ግቢ አላቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦም ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። ሕጉ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ በእኛ ቀበሌ ግን አንድም ሰው በዚህ ተጠይቆ ሰምቼ አላውቅም። ውሻ ያለው ሁሉ ይመዝገብ፤ ወንዱን አስቀርቶ ሴቷን የሚጥልም ይጠየቅ።

መጠለያ አያስፈልግም አላልሁም። እኔ የምመኘው መጠለያ ግን አሥር ክፍል ብቻ ያለው፣ የነከሰ ውሻ አሥር ቀን የሚጠበቅበት፣ የተቀጠቀጠ ውሻ የሚታከምበት፣ የመከነ ውሻ ቁስሉ እስኪደርቅ የሚያርፍበት ነው። እዚያ ውስጥ መግደል ግድ ሲሆን፣ በሐኪም እጅ፣ እንስሳው አስቀድሞ ተኝቶ፣ በመርፌ ይሁን። መዝገብ ይኑር፤ በመዝገቡ ላይ የውሻው መልክ፣ የተያዘበት ሰፈር፣ የተገደለበት ምክንያትና የሐኪሙ ሙሉ ስም ከነፊርማው ይስፈር፤ «ቦታ ስለጠበበ» እና «ፈላጊ ስለታጣ» የሚሉት በምክንያትነት አይጻፉ። መዝገቡም ለጠየቀ ነዋሪ ሁሉ ክፍት ይሁን። ምክንያቱን በስሙ ሥር ለመጻፍ እጁ የሚከብደው ሰው መርፌውን ያስቀምጠው።

ከአራቱ ቡችሎች ሁለቱ ሞቱብኝ፤ ገና የእናታቸው ወተት ያስፈልጋቸው ነበርና። ሦስተኛዋን አንድ የባጃጅ ሹፌር ወስዷታል። አራተኛዋ ከእኔ ዘንድ አለች፤ ተከትባለች፤ የምትመክንበትን ቀን እየጠበቅሁላት ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ እጄ ግን መዝገብ መያዝ አያቅተውም። የክትባቱ ዘመቻ በተጀመረ ቀን ያለ አበል መጥቼ ጠረጴዛው ላይ ለመቀመጥ ዝግጁ መሆኔን በዚህ አጋጣሚ አሳውቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ጡረታ የወጣ የእንስሳት ጤና ረዳት
ሄርማታ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
በሰኔው ስብሰባ ላይ ላጨበጨቡ ጎረቤቶቼ፤
እንደ እኔ ዝም ብለው ለወጡትም